በሌሊት የሚወሰነው ውሳኔ የማን ነው? ነርስ ፕራክቲሽነር በአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል

የመነሻ ጽሑፍ

በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ወደዚያው ክፍል ስመለስ ደመወዜ ጥቂት ከፍ አለ እንጂ በአልጋው አጠገብ ያለኝ የመወሰን መብት እንደቀድሞው ቀረ። ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በሌሎች አገሮች ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው፣ ተጨማሪ ትምህርት ተምሮ በሽተኛ የሚመረምር፣ ላቦራቶሪና ራጅ የሚያዝ፣ መድኃኒት የሚጽፍ፣ ከስፔሻሊስት ሐኪም ጋር ተናቦ የሚሠራ ነርስ ለእኛም ጽኑ ሕሙማን ክፍል አያስፈልግም ወይ?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ ሌሊት ነው። ከኩላሊቷ የተነሣ ኢንፌክሽን በደሟ የተሠራጨባት፣ ዕድሜዋ አርባ ገደማ የሆነ እናት በቬንትሌተር፣ ማለትም በሚያስተነፍስ መሣሪያ፣ ላይ ነበረች። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱም ፈሳሹም በወቅቱ ተሰጥቷታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደም ግፊቷ 76 በ40 ሆነ፤ አማካዩ 52 ማለት ነው፣ ልንጠብቅላት የሚገባን ደግሞ ቢያንስ 65 ነበር። ተረኛው ሐኪም ከደንገጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጠው ከመጡ ቁስለኞች ጋር ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነበር፤ አራት ጊዜ ደወልኩለት፣ አላነሣም። መድኃኒቱን እየመጠነ የሚያወርደው ፓምፕ ከተበላሸ ወር አልፎታል። የደም ግፊትን የሚያነሣው መድኃኒት፣ 4 ሚሊ ግራም ኖርአድሬናሊን፣ በ250 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ተበጥብጦ፣ አንዱን ሚሊ ሊትር በ60 ጠብታ በሚከፍለው ቱቦ ይወርድላት ነበር። በአንድ እጄ የስልኬን መብራት፣ በሌላው የቱቦውን መቆጣጠሪያ ይዤ ጠብታዎቹን ቆጠርኩ። በደቂቃ 15 የነበረውን ቀስ በቀስ 30 አደረስኩት፤ ይህም በደቂቃ 8 ማይክሮ ግራም ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አማካይ ግፊቷ 66 ሲደርስ ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ አመሰገነኝ፣ ትእዛዙንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሰጠ አድርጎ ጻፈው። እናቲቱ በአሥራ አንደኛው ቀን በእግሯ ሄዳ ከክፍላችን ወጣች።

እንቅልፍ የነሣኝ ያ የተጻፈው ሰዓት ነው። ሞታ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ የሚጻፍ አይመስለኝም፤ ጠብታውን የጨመርኩት እኔ ብቻ ሆኜ እቀር ነበር። ቬንትሌተሩንም ቢሆን በሽተኛው በሚመዝነው በእያንዳንዱ ኪሎ 6 ሚሊ ሊትር አየር እያሰላን የምናስተካክለው እኛው ነርሶቹ ነን። በየሌሊቱ የምንሠራው ይህ ሥራ ስም፣ ትምህርትና ወሰን ይኑረው ነው የምለው።

የመጡት ምላሾች ብዙ ናቸው። እንዳሉ ከመገልበጥ ይልቅ ሐሳባቸውን በቁጥራቸው ተራ፣ በራሴ ቃል አስፍሬያለሁ።

ምላሽ 1

ቀድማ የጻፈችው ሐረር ውስጥ በተመሳሳይ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። የእኔ ሌሊት የእርሷም ሌሊት መሆኑን፣ እርሷ እንዲያውም ሐኪሙ እስኪደርስ የምትሠራውን በግል ማስታወሻ ደብተር ላይ ከነሰዓቱ እንደምትጽፍ ነገረችን። ከዚያ በትሕትና አንድ ነገር እንድለይላት ጠየቀች፦ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ነርስ ሁሉ ነርስ ፕራክቲሽነር ነው ማለቴ ነው ወይስ የተለየ ትምህርት ማለቴ ነው? ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ በመነሻ ጽሑፌ ሁለቱን ደባልቄያቸው ነበር።

ምላሽ 2

የተለየ ትምህርት ነው የሚለውን መልስ ከእኔ በፊት የሰጠችው በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን በአሜሪካ በዚሁ ሙያ የምትሠራ እህታችን ናት። ሙያው እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነርሷ ሎሬታ ፎርድና በሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር እንደተጀመረ፣ መነሻውም ሐኪም በማይደርስባቸው አካባቢዎች የነበሩ ሕፃናት እንጂ ጽኑ ሕሙማን እንዳልነበሩ አስታወሰች። በጽኑ የታመሙ አዋቂዎችን የሚከታተለው ዘርፍ የተጠናከረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጠዋት የተመደቡላትን ሕሙማን ራሷ ትመረምራለች፣ የሌሊቱን ውጤት ትሰበስባለች፣ ቡድኑ ሕሙማኑን በሚጎበኝበት ራውንድ ላይ አቅርባ ሐሳቧን ታስረዳለች፣ ትእዛዝ ትጽፋለች፤ ሆስፒታሉ ችሎታዋን አይቶ በፈቀደላት መጠንም በትልቁ ደም ሥር ቱቦ ታስገባለች። የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስቱ ግን ሁልጊዜ በቅርብ አለ። ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ሕጉ ይለያያል፤ አንዱ ዘንድ በራሷ ፈቃድ ትሠራለች፣ ሌላው ዘንድ ከሐኪም ጋር የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋታል። በእንግሊዝ ደግሞ ለተመሳሳይ ሥራ ሌላ መጠሪያ መኖሩን፣ በዚያም ነርሶች ብቻ ሳይሆኑ ፊዚዮቴራፒስቶችም እንደሚሠለጥኑ ጨመረችልን።

ምላሽ 3

በውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያለ የሐረር ሬዚደንት የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በአክብሮት፣ የቀሩትን በቁጣ ጻፈ። ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ባለበት ሌላ አሻሚ መጠሪያ መጨመር በሽተኛውን ማታለል እንደሆነ ተናገረ። ተመርቀው ምደባ በማጣት ቤታቸው የተቀመጡ ጠቅላላ ሐኪሞች እያሉ በእነርሱ ምትክ ርካሽ ባለሙያ መፈለግ ለሐኪሙም ለነርሷም ውርደት ነው አለ። የምሥራቁ ሕዝብ ጎዶሎ ሕክምና ይበቃዋል ያለው ማን እንደሆነም ጠየቀ። ስለ ሥራ አጥ ሐኪሞች ያነሣው ነጥብ ልቤን ነካው፤ አብረውኝ የሠሩና ዛሬ ሌላ ሥራ የያዙ ሐኪሞችን አውቃለሁና።

ምላሽ 4

ስሙንም ሥራውንም ያልገለጸ አንድ ሰው በምላሽ 3 መስማማቱን በአንድ መስመር ጽፎ ሄደ።

ምላሽ 5

አንድ የሰመመን ባለሙያ ለሬዚደንቱ መለሰ። በእኛ አገር ሰመመን በመስጠት ለዓመታት ቀዶ ሕክምናውን ያስቻለው በአብዛኛው ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ መሆኑን፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን መጀመሩን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ ሥልጠናም ጤና መኮንኖችን በገጠር ሆስፒታሎች ለእናቶች ቀዶ ሕክምና ማብቃቱን ዘረዘረ። የሥራ ሽግሽግ፣ ማለትም የሐኪምን ሥራ ለሠለጠነ ሌላ ባለሙያ መስጠት፣ ከውጭ የመጣ ፋሽን ሳይሆን አገራችን የኖረችበት መንገድ ነው ብሎ ያምናል።

በዚሁ ጽሑፍ እኔንም አረመኝ። በቬንትሌተር የሚሰጠው የአየር መጠን የሚሰላው በሽተኛው በሚመዝነው ክብደት ሳይሆን ከቁመቱ በሚገኘው የሚጠበቅ ክብደት ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግም። ሳንባቸው በጽኑ በተጎዳ ሕሙማን ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ትልቅ ጥናት በኪሎ 12 ሚሊ ሊትርን ከ6 ሚሊ ሊትር ጋር ሲያነጻጽር ሞቱ ከ39.8 በመቶ ወደ 31 በመቶ የወረደው በዚህ ስሌት እንደሆነ አስታውሶ፣ ወሰን እንዲሰፋላት የምትጠይቅ ነርስ ይህን መሳት እንደሌለባት ሳይሸፋፍን ነገረኝ።

ምላሽ 6

እርማቱን ተቀብዬ ስሌቱን በይፋ ሠራሁት። ያቺ እናት 78 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ በእኔ አሠራር 468 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን የሚጠበቀው ክብደቷ 52 ኪሎ ገደማ ነው፤ በስድስት ሲባዛ 315 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊ ሊትር ትርፍ ማለት ነው። ቁመቷን 160 ያልኩት ደግሞ በግምት ነው። በክፍላችን የተኛ ሰው የሚለካበት ሜትር የለም፤ በዓይናችን እየገመትን ነበር የምንሠራው። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ሆኖም የሥልጠናን አስፈላጊነት ከማንኛውም ክርክሬ በላይ የሚያሳየው ይኸው የራሴ ስሕተት ስለሆነ ደብቄ ላልፈው አልፈለግሁም።

ምላሽ 7

ሬዚደንቱ ተመለሰ፤ በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ ከተነሡት ተቃውሞዎች ከባዱን ያመጣው በዚህ ምላሹ ነው። ቀዶ ሕክምና እጅ ሊለምደው የሚችል ሥራ ሲሆን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ዋና ችግር ግን ግፊቱ ለምን ወረደ የሚለው ጥያቄ ነው አለ። አንድ ወጣት የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ኢንፌክሽን በደሙ እንደተሠራጨበት ተቆጥሮ ለሰዓታት ኖርአድሬናሊኑ ሲጨመርለት አይቷል። ግፊቱ በመጠኑ ይነሣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በመጨረሻ የአልትራሳውንዱ እጀታ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ልቡ በፈሳሽ ተከብባ መፈናፈኛ አጥታ ታየች፤ ፈሳሹ በመርፌ ሲቀዳ ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተስተካከለ። የአንገቱ ደም ሥር ተወጥሮ መቆሙን ከጠዋት ጀምሮ ያየ ሰው ነበር፣ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም በዚያ ሌሊት ጠብታውን ስጨምር የእናቲቱን አንገት አይቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላየሁም ነበር፤ ይህንኑ በአጭሩ መለስኩለት።

ምላሽ 8

የአሜሪካዋ እህታችን የሬዚደንቱን ታሪክ ለራሷ ወገን ማስረጃ አደረገችው። ነርስ ፕራክቲሽነርን ልምድ ካለው ነርስ የሚለዩት ሦስት ትምህርቶች የበሽታ አመጣጥ፣ የአካል ምርመራና የመድኃኒት ሳይንስ በከፍተኛ ደረጃ መሆናቸውን፣ የሦስቱም ዓላማ ያ የተወጠረ ደም ሥር ሲታይ ወዲያው ጥያቄ እንዲጫር ማድረግ እንደሆነ ገለጸች። አልትራሳውንድ የሚይዝ እጅ በሌሊትም እንዲኖር ካስፈለገ በሌሊት ከአልጋው የማይለየውን ሰው ማስተማር እንደሚሻል ጨመረች።

ምላሽ 9

አንድ የሕብረተሰብ ጤና መምህር ክርክሩን ወደ ማስረጃ መለሱት። በአሜሪካ በቫንደርቢልት በአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከ9,000 በላይ ገቢዎችን ተከታትሎ፣ በነርስ ፕራክቲሽነሮች ቡድንና በሬዚደንቶች ቡድን የታከሙት ሰዎች 90 ቀን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ተመሳሳይ እንደነበር አሳይቷል። መምህሩ ግን ይህን ይዘን እንዳንሮጥ አስጠነቀቁ። ሕሙማኑ በዕጣ አልተመደቡም፤ ሁለቱም ቡድኖች በስፔሻሊስት የበላይ ክትትል ሥር ነበሩ፤ ፓምፕም ደም ባንክም በእጃቸው ነበር። ጥናቱ የሚነግረን ነርስ ፕራክቲሽነር በተሟላ ቡድን ውስጥ ምን እንደሠራ እንጂ ስፔሻሊስት በሌለበት ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል አይደለም ብለው ቋጩ። ከሁሉም ምላሾች ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ምላሽ 10

ከዚህ በኋላ የጻፈው የጤና ባለሙያ አይደለም። አባቱን አስታምሞ ያጣ የመጋላ ነጋዴ ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ነርሷ የአየር መስጫውን ፊኛ በእጁ አስይዛው፣ በስንት ቆጥሮ መጭመቅ እንዳለበት በጣቶቿ እያሳየችው አብሯት እንደሠራ ተረከ። የዚያ ጎማ ስሜት እስከ ዛሬ ከመዳፉ አልወጣም። አባቱ ከአፋን ኦሮሞ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ሐኪሙ በአማርኛ የነገረውን ለቤተሰቡ የተረጎመችው ያቺው ነርስ ናት፤ አባቱ እንደማይመለሱ ያረዳችውም እርሷው። መጠሪያዋ ምንም ይሁን ምን፣ ኦሮምኛም ሶማልኛም ሐረሪም በሚነገርበት ከተማ ይህን ሥራ እንደ ሥራ የሚቆጥርላት ሰው ይኑር ብሎ ለመነን። ከባለሙያዎቹ መካከል ይህን ያነሣ አንድም ሰው ባለመኖሩ፣ እኔን ጨምሮ፣ አፈርኩ።

ምላሽ 11

ጡረታ የወጡ አንዲት አንጋፋ ሲስተር ነጋዴውን ካጽናኑት በኋላ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ነገር ራሱ ከእንደዚያ ያለ እጅ እንደተወለደ አወሱ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ በመጀመሪያ በመሣሪያ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ያኔ የሰመመን ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ጉሮሮ ተከፍቶ አየር በእጅ እንዲሰጥ አደረገ፤ 1,500 ያህል ተማሪዎችም በፈረቃ ለሳምንታት ፊኛውን ሲጨምቁ ሰነበቱ። ሲስተሯ ከዚህ ወደ ድሬዳዋ መጡና፣ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን በመታበት ሌሊት ማን ምን ይሥራ ብሎ የጠየቀ እንዳልነበረ አነሡ። በክፉ ቀን የሚታመን እጅ በደኅናው ቀን የማይታመንበትን ምክንያት ማወቅ ይፈልጋሉ።

ምላሽ 12 እስከ 15

እዚህ ላይ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ያልተከፈለ የአዳር አበል አነሣ፤ ሌላው ክፍላቸው ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው ቆሞ በድሬ ሙቀት በሽተኛውም ባለሙያውም እንዴት እንደሚቀቀሉ ጻፈ። ሦስተኛው የእኔ ዓላማ ዶክተር ተብሎ መጠራት እንደሆነ፣ ነርስነት ያሳፈረው ሰው ሙያውን መልቀቅ እንዳለበት ተናገረ። አራተኛዋ ሦስተኛውን ባለጌ አለችው። አበሉም ሙቀቱም እውነተኛ ጉዳዮች ናቸው፤ ነገር ግን የራሳቸው ውይይት ይገባቸዋል ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

ምላሽ 16

ስለ መጠሪያ ለተሰነዘረብኝ ክስ ግን መልስ ሰጠሁ። ታማሚዎቼ ሲስተር ይሉኛል፤ ከዚህ የሚበልጥ መጠሪያ አልፈልግም። የምፈልገው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሠራሁት ሥራ በእኔ ስም፣ በሠራሁበት ሰዓት እንዲጻፍ ነው፤ ካጠፋሁም እንድጠየቅበት።

ምላሽ 17

ሬዚደንቱ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ፤ ድምፁ ለዝቧል። ያልተሰጠ ትእዛዝ ወደኋላ ተመልሶ በሰዓቱ እንደተሰጠ ሆኖ መጻፉ ከነርሷ ይልቅ ለሐኪሙ አደገኛ መሆኑን፣ ራሱም ይህን አድርጎ እንደሚያውቅ አመነ። ስለ መጠሪያውና ስለ ሥራ አጥ ሐኪሞች ያለው አቋም አልተለወጠም። ነገር ግን ትምህርቱ እስኪመጣ ድረስ በጽሑፍ የሰፈረ ወሰን ቢኖር አይቃወምም፦ ኖርአድሬናሊኑ ነርሷ በራሷ እስከ ስንት ጠብታ ልትጨምር እንደምትችል፣ ከየትኛው ጠብታ ሲያልፍ ሐኪሙ ምንም ሥራ ቢይዝ መጥራት ግዴታ እንደሚሆን፣ ተረኛው ስልክ ካላነሣ ቀጥሎ የሚደወለው ለማን እንደሆነ፣ ከመጨመሯ በፊትም አንገቱን፣ የእጅና የእግሩን ሙቀት፣ የሽንቱን መጠን እንድታይ። አልትራሳውንዱን ለማስተማር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈቃደኛ ነው።

ምላሽ 18

የሰመመን ባለሙያው የሬዚደንቱን ሐሳብ ደግፎ አንድ ጉድለት አመለከተ። ወረቀቱ የሆስፒታሉ አመራርና የሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ከሌለበት ነርሷን አይጠብቃትም፤ የተጻፈው ወሰን እርሷን መክሰሻ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከፊርማው በፊት ማንም በዚህ ወረቀት እንዳይሠራ መከረ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ረቂቁንም ጽፌ ለክፍላችን ኃላፊ ሰጥቻለሁ።

ምላሽ 19

የመጨረሻዋ ጸሐፊ ምላሽ 1ን የጻፈችው የሐረሯ ነርስ ናት። ምላሽ 5ንና 6ን ካነበበች በኋላ በማግስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል አልፋ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሜትር ገዛች። በቬንትሌተር ላይ የነበሩትን ሦስት ሕሙማን ከራስ እስከ ተረከዝ ለካቻቸው። የሁለቱ የአየር መጠን ከሚገባው በላይ ሆኖ ስላገኘችው ስሌቱን ይዛ ለተረኛው ሐኪም ደወለች፤ እርሱም አረጋግጦ አስተካከለው፣ በካርዱ ላይም የለካችውን ቁመት ከነስሟና ከነሰዓቱ አሰፈረው። ሜትሩ አሁን በሦስተኛው አልጋ ራስጌ፣ ከኦክስጅኑ ቱቦ አጠገብ ተሰቅሏል።